የፈረስ ጨዋታችን ደንብ ይጻፍለት

የጥር ወር በደጋው አገራችን የፈረስ ወር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጥምቀት ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ፈረሰኛው ፊት ፊት ይጋልባል፤ ሜዳ በተገኘበትም ጉግስ ይገጠማል። በእንጅባራ ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ ያሸበረቀው ፈረስ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ማየት ለዓይን ጥጋብ ነው። ከነዚህ ከታላላቆቹ በዓላት ሌላ በየሠፈሩና በየቀበሌው፣ ወሬያቸው በጋዜጣ የማይወጣ፣ ልጆች ተሰባስበው የሚያደርጓቸው የፈረስ ጨዋታዎች አሉ። እኔም ብዕሬን ያነሣሁት ስለ እነዚህ ስለ ትንንሾቹ ጨዋታዎች ነው።

አሳቤን ባጭሩ ልናገር። ጨዋታው ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የሚጋልቡበት ማናቸውም ጨዋታ የተጻፈ ደንብ ሊኖረው ይገባል፤ ጉዳት በደረሰም ጊዜ ኀላፊው ማን እንደ ሆነ፣ የሚያሳክመውም ማን እንደ ሆነ፣ ፈረስ ከመጫኑ በፊት ተወስኖ መታወቅ አለበት። አሁን ባለው ልማድ ይህ ሁሉ የሚታሰበው ሰው ከተሰበረ በኋላ ነው።

በአባቶቻችን ዘመን ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ ያሰኛቸው የፈረሳቸው ስም ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት የፈረሰኛው ድርሻ ምን ያህል እንደ ነበረም የታሪክ መምህራችን ደጋግመው አስተምረውናል። ይህን የማነሣው ለኩራት ብቻ አይደለም። እነዚያ ፈረሰኞች አንድ ቀን ጧት ድንገት ተነሥተው የጋለቡ አይደሉም። የመኳንንቱ ልጅ ከባልደራሱ፣ የባላገሩ ልጅ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ እጅ ፈረስ መያዝን፣ ልጓም ማግባትን፣ ኮርቻ መጫንን፣ በሶምሶማ መሄድን፣ ከዚያም በኋላ ሽምጥ መጋለብን በየደረጃው ይማር ነበር። ስለዚህ ደንብ ይኑር ሲባል አዲስ ነገር ከውጭ አገር እናምጣ ማለት አይደለም።

ጉግስን ያላየ አንባቢ ቢኖር ጥቂት ላስረዳ። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው እያባረረ የእንጨት ዘንግ ይወረውርበታል፤ የሚሸሸውም በግልቢያ ላይ እንዳለ ከቆዳ በተሠራ ጋሻ ጀርባውንና ራሱን ይከላከላል፤ ቀጥሎም ያባረረው ይሸሻል፣ የሸሸው ያባርራል። ጨዋታው በጥንት ጊዜ የጦር መለማመጃ ነበር። ልብ ብለን ካየነው በውስጡ ደንብ አለ። የሚወረወረው ዘንግ ነው እንጂ ጦር አይደለም፤ ጋሻ መያዝም ወጉ ነው፤ ተራ መጠበቅም ግዴታ ነው። ማንም አልጻፈውም እንጂ ሽማግሌው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከወጉ የወጣውንም ሽማግሌው ከሜዳው ያስወጣዋል።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚባለውም አባባል ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። የተባለው ለገና ዱላ ይሁን እንጂ አሳቡ ለፈረስም ጨዋታ ይሆናል። ወደ ሜዳ የገባ ሰው ጌታም ይሁን ሎሌ፣ በጨዋታው ውስጥ ለሚያገኘው ምት ቂም አይይዝም፣ ካሳም አይጠይቅም ማለት ነው። እኔ ይህን አባባል እወደዋለሁ። ነገር ግን አባባሉ የተነገረው ለማን እንደ ሆነ ማስተዋል ያሻል። የሚገባበትን አውቆ፣ አቅሙን መዝኖ፣ በፈቃዱ ለገባ አዋቂ ሰው የተነገረ ነው። ሸንኮራ ልትሸጥ ሜዳው ዳር ለተቀመጠች ልጅ አልተነገረም።

የሚያስደንቀው ነገር፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህንኑ የአባቶችን አሳብ በራሱ አነጋገር መያዙ ነው። መምህራችን ካዋሱኝ መጽሐፍ እንዳነበብሁት፣ በቁጥር 2068 ላይ፣ ስፖርት በመጫወት ላይ ያለ ሰው አብሮት በሚጫወተው ወይም ቆሞ በሚመለከተው ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ፣ ተንኰል ካልሠራ ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ ካልጣሰ በቀር በኀላፊነት አይጠየቅም የሚል አሳብ ይገኛል።

ከዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሕጉ ምሕረቱን ያሰረው ከደንቡ ጋር ነው። ነገሩ እግር ኳስ ቢሆን ደንቡ ታትሞ በየቦታው ይገኛል፤ ዳኛው ፊሽካ ይዞ መካከል ቆሟል፤ ተጫዋቹ ደንብ ጥሶ እንደ ሆነ ሺህ ሰው ይመሰክራል። በእኛ የልጆች የፈረስ ጨዋታ ግን ደንቡን ጥሷል ወይም አልጣሰም የሚባለው በምን ይታወቃል? የጥንቱ ወግ የሚታወቀው በሽማግሌዎች ዘንድ ነው፤ የዛሬውን የልጆች ውድድር የሚያዘጋጁት ግን ብዙውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ ሽማግሌው ቢጠራም የሚጠራው ለምርቃት ነው። እንዲህ ሆኖ አደጋው እንዳለ ቀርቶልን ወጉ ግን እየጠፋብን ነው። ደንብ በሌለበት ደግሞ ያ የሕጉ ምሕረት ለበደለውም ለተበደለውም የማይጨበጥ ይሆናል። ንጹሕ ሆኖ የጋለበው ልጅ ንጽሕናውን የሚያስረዳበት ነገር የለውም፤ ተንኰለኛውም ጨዋታ ነው ብሎ ያመልጣል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ የቦታውንና የሰዎቹን ስም ግን አልጠራም። ዕድሜው 15 ዓመት የሆነ ልጅ የአጎቱን ፈረስ ተውሶ ለውድድር ቀረበ። ፈረሱ ድንጉላ ነው፤ ከዚያም በፊት ከብዙ ፈረስ ጋር ተሰልፎ አያውቅም። ልጁ የተጫማው ተረከዝ የሌለው የላስቲክ ጫማ ነው። መነሻው ላይ የድምፅ ማጉያው በድንገት ሲጮኽ ፈረሱ ደነበረና ወደ ጎን ታጥፎ ከሕዝቡ መካከል ገባ። ልጁ ሲወድቅ እግሩ ከእርካቡ አልወጣ ብሎ ጥቂት ተጎተተ። ሸንኮራ ትሸጥ የነበረች የ13 ዓመት ልጅም በፈረሱ ርግጫ የክንዷ አጥንት ተሰበረ። ልጁን እግዚአብሔር አተረፈው፤ ነገር ግን ከተነሣ በኋላ አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሰዎች፣ ፍርሃት እንዳይገባበት ብለው እንደ ገና ፈረሱ ላይ ሊያወጡት ይታገሉ ነበር!

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። የልጅቱ እናት ወደ ፈረሱ ባለቤት ሄዱ። እርሱም፣ «እናቴ፣ እኔ ፈረሴን አዋስሁ እንጂ አልጋለብሁ» አላቸው። ወደ ልጁ አባት ሄዱ። አባትየውም፣ «ልጄን የጠሩት አዘጋጆቹ ናቸው፤ እኔ እርሻ ላይ ነበርሁ» አሉ። አዘጋጆቹ ደግሞ፣ «ማንንም አላስገደድንም፤ እርስዎስ ልጅዎን ሜዳ ዳር ማን አስቀምጡ አለዎት?» ብለው መለሱላቸው። ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዞ ሦስት እሑድ ከታየ በኋላ አጎትየውና አባትየው ትንሽ ትንሽ ገንዘብ እንዲያዋጡ ተፈረደ። ሽማግሌዎቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን የተሰጠው ገንዘብ ለሕክምናው አልበቃም፤ እናትየው ሁለት በግ ሸጡ፤ ልጅቱም የዚያን ዓመት ትምህርቷን ሳትጨርስ ቀረች። ከነዚህ ሰዎች መካከል ክፉ የምለው አንድም የለም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ነበራቸው፤ ችግሩም ይኸው ነበር።

ሕጉ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ እንስሳው ድንገት ከእጁ አምልጦ ቢሆንም እንኳ ከኀላፊነቱ አይድንም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ እንስሳውን ተውሶ ወይም ተከራይቶ የያዘ ሰው በእጁ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ያመለክታል። ቁጥር 2073 ከሁሉም ይልቅ አስገርሞኛል፤ ባለቤቱ የራሱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በመልቀቅ ከዕዳው ሊላቀቅ ይችላል ይላል። እንግዲህ ክንዷ የተሰበረባት ልጅ የሰበራትን ፈረስ ልትረከብ ነው ማለት ነው! ጋላቢው አካለ መጠን ያላደረሰ ሲሆን ደግሞ በቁጥር 2124 መሠረት በልጁ ፋንታ የሚጠየቀው አባቱ ነው፤ ልጁ በትምህርት ቤት ጥበቃ ሥር በሚሆንበት ጊዜ ኀላፊነቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ኀላፊ የሚዞርበትም ሁኔታ አለ።

እኔ ዘንድሮ 18 ዓመት ሞላኝ። አምና ፈረስ ጋልቤ ሰው ብጎዳ የሚጠየቁት አባቴ ነበሩ፤ ዘንድሮ የምጠየቀው እኔው ራሴ ነኝ። ፈረሱ ያው ፈረስ፣ ሜዳውም ያው ሜዳ ነው፤ እኔም ከአምናው የተሻልሁ ጋላቢ አልሆንሁም። ይህን ያህል ነገር መለወጡን ግን ከጓደኞቼ መካከል የሚያውቅ አንድም አላገኘሁም። አባቶቻችንም ቢሆኑ፣ ሂድ ተጫወት ብለው ሲያሰናብቱን ምን እንደ ተሸከሙ የሚያውቁ አይመስለኝም። ሕጉን በሚያውቀውና በማያውቀው መካከል የሚደረግ ክርክር ደግሞ ምን እንደሚመስል ያው ከላይ ተናግሬያለሁ።

የሌላውን አገር ልማድ መመልከትም አይከፋም። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት በ1989 እ.ኤ.አ. ስለ ፈረስ ጨዋታ ኀላፊነት ሕግ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። አሳቡ፣ ፈረስ በተፈጥሮው ሊደነብር፣ ሊራገጥና ሊጥል የሚችል እንስሳ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ከተፈጥሮው ለሚመጣው አደጋ አዘጋጁ አይጠየቅም የሚል ነው። በብዙዎቹ ግዛቶች ይህን የሚናገር ማስታወቂያ በበሩ ላይ ይሰቀላል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ፣ እኛም እንዲህ ያለ ሰሌዳ ሰቅለን እንገላገል ይላሉ።

እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የሰሌዳውን ፊት ብቻ አንብበው ጀርባውን አላዩትም። በእነዚያው ሕጎች ውስጥ በአብዛኛው እንደ ተደነገገው፣ አዘጋጁ የተበላሸ ኮርቻ ወይም ልጓም ሰጥቶ ከሆነ፣ የጋላቢውን ችሎታ ሳይጠይቅና ሳይመረምር ፈረስ ላይ አውጥቶት ከሆነ፣ ወይም በሜዳው ላይ ያለውን የተሰወረ አደጋ እያወቀ ሳያስጠነቅቅ ቀርቶ ከሆነ ሰሌዳው አያድነውም። ይኸውም ማለት የፈረሱን ጠባይ ለፈረሱ፣ የሰውን ቸልተኝነት ግን ለሰው ይለያሉ። ከዚያ አገር የምንወስደው ነገር ካለ ይህንን መለየቱን ነው። ከአባትም የፈቃድ ፊርማ ቢወሰድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፊርማው አባትየው ነገሩን ማወቃቸውን ያስረዳ እንደ ሆነ እንጂ አዘጋጁን ከሥራው ነፃ የሚያወጣ መሆን የለበትም። አባት ፈርሞ የልጁን አጥንት ለሌላ ሰው ቸልተኝነት አሳልፎ ሊሰጥ አይገባውም።

አሁን ወደ ራስ ቁር ልምጣ፤ ዛሬ ሰው ሄልሜት የሚለው ነው። በዚህ ነገር ብዙ ሳቅ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. በቤይጂንግ ኦሊምፒክ ለአሜሪካ የጋለበችው ኮርትኒ ኪንግ ዳይ በ2010 እ.ኤ.አ. በልምምድ ላይ ሳለች ፈረሱ ተደናቅፎ አብሯት ወደቀ። ሄልሜት አላደረገችም ነበር፤ የራስ ቅሏ ተሰነጠቀ፤ ለብዙ ሳምንታትም ራሷን ሳታውቅ ተኛች። ይህች ሴት ጀማሪ አልነበረችም፤ ሲጋልቡ ከኖሩት አንዷ ነበረች። ከእርሷ አደጋ በኋላ በዚያ አገር የብዙ ፈረሰኞች ልማድ ተለወጠ። በፍሎሪዳ ግዛት በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግም ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በሕዝብ መንገድና በመሳሰለው ቦታ ሲጋልብ ሄልሜት እንዲያደርግ ያዛል።

የካናዳው የኦንታሪዮ ክፍለ አገር ሕግ ይበልጥ ለእኛ ይስማማል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ሕግ ፈረስ የሚያከራዩና ግልቢያ የሚያስተምሩ ድርጅቶች ከ18 ዓመት በታች የሆነውን ልጅ ሦስት ነገር ሳያሟላ እንዳያስጋልቡ ይከለክላል፤ ራሱን የሚከላከል ሄልሜት፣ ሶሉ ጠንካራ የሆነና ተረከዝ ያለው ጫማ፣ ለልጁና ለፈረሱ የሚስማማ የኮርቻ ዕቃ። ሄልሜቱን ሁሉ ሰው ይገምታል፤ የጫማውን ተረከዝ ግን ማን አሰበው? ተረከዝ የሌለው ጫማ በሰፊው የብረት እርካብ ውስጥ ተንሸራቶ እስከ ቁርጭምጭሚት ይገባል፤ ጋላቢው ሲወድቅም እግሩ እዚያው ይቀራል። ከላይ የተናገርሁት ልጅ የተጎተተው በዚህ ምክንያት ነው።

የአባቶቻችንን ብልኀት እዚህ ላይ ማድነቅ ያሻል። የጥንቱ እርካብ ጠባብ ቀለበት ሆኖ በባዶ እግር በአውራ ጣት የሚያዝ ነበር። ሙሉው እግር የማይገባበት ስለ ሆነ እስከ ቁርጭምጭሚት ሰምጦ የሚቀርበት ነገር አልነበረም። እኛ የእነርሱን ባዶ እግር ትተን፣ የፈረንጁን ሰፊ እርካብ ተቀብለን፣ ለሰፊው እርካብ የተሠራውን ባለ ተረከዝ ጫማ ግን ሳንቀበል ቀርተን መካከል ላይ ቆመናል። ከሁለት አንዱን መምረጥ ይገባን ነበር።

ስለ ሄልሜቱ ደግሞ፣ ለሞተር ብስክሌት የተሠራውን ለፈረስ እናድርገው የሚሉ አሉ። እርሱ ከባድ ነው፣ ጆሮንም ይደፍናል፤ የተሠራውም ለሌላ ዓይነት አወዳደቅ ነው። ለፈረስ የተሠራው ቀላል ነው። አንድ ጊዜ በኀይል የተመታ ሄልሜት ግን በውጭው ደህና ቢመስልም ውስጡ ሥራውን ስለ ጨረሰ ተመልሶ ሊደረግ አይገባም፤ መጣል አለበት። ዋጋው ለእያንዳንዱ ልጅ የሚቻል እንዳይደለ አላጣሁትም። ነገር ግን በአንድ ውድድር ላይ በአንድ ጊዜ የሚነሡት ስድስት ወይም ስምንት ፈረሶች ቢሆኑ፣ የሚያስፈልገው በልክ የሚጠብና የሚሰፋ ስምንት ሄልሜት ነው እንጂ ሰማንያ አይደለም። ጋልቦ የወረደው ለቀጣዩ ያስረክባል። ለእግር ኳስ ቡድን ማሊያ በየዓመቱ የምናዋጣ ልጆች ይህን አንችልም ማለት ያስቸግረናል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ፈረስ ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለ ሆኑ ዙሪያውን አብዛኛውን ያያል፤ በትክክል ከኋላው ያለውን ግን አያይም፤ ስለዚህ ከኋላው ድንገት የመጣበትን ሁሉ ይራገጣል። በሰልፍ ላይ በፈረስና በፈረስ መካከል አንድ ፈረስ የሚያስቆም ርቀት ይተው። ድንጉላና ባዝራ ጎን ለጎን አይሰለፉ። ሕዝቡ በገመድ ይከለል፤ የሚሸጡትም ልጆች ከገመዱ ወዲያ፣ ከመነሻውና ከመድረሻው ርቀው ይቀመጡ። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሰዎች ሜዳውን በእግራቸው ተመላልሰው ጉድጓዱንና ድንጋዩን ይመልከቱ። ኮርቻውን በፈረሱ ሆድ ሥር የሚያስረውን ጠፍር ደግሞ ጋላቢው ብቻ ሳይሆን አንድ አዋቂ ሰው በእጁ ስቦ ይመርምረው፤ ፈረስ ሲጫን ሆዱን ነፍቶ ኋላ እንደሚያላላው ባላገር ሁሉ ያውቃል። የድምፅ ማጉያውም ከመነሻው ይራቅ። በውጭ አገር የሚራገጥ ፈረስ እንዲታወቅ በጭራው ላይ ቀይ ጥብጣብ ያስሩበታል። ይህን ለእኛ ላድርገው ብል ግን ሥቄ ተውሁት፤ የእኛ ፈረስ በበዓል ቀን ከግንባሩ እስከ ጭራው ቀይ በቀይ ነው፤ ሁሉም ተራጋጭ ሊባል ነው! ለእኛ ነጭ ጨርቅ ሳይሻል አይቀርም።

ልጅ ሲወድቅም የሚደረገው ይጻፍ። ወጌሻን አልንቅም፤ ለወለምታ ብዙ ሰው አቅንተዋል። ራሱን ወይም አንገቱን የተመታውን ልጅ ግን ማንም ጎትቶ አያንሣው፣ አንገቱንም አያሸው፤ ሳይንቀሳቀስ ተይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰድበት መንገድ ይፈለግ። ራሱን ስቶ የነበረ ወይም ነገር የደጋገመ ልጅ ደህና ነኝ ቢልም በዚያ ቀን ፈረስ ላይ አይውጣ።

ደንብ ልጆቹን ፈሪ ያደርጋቸዋል የሚል ክርክር ከአንድ ትልቅ ሰው ሰምቻለሁ፤ ከነሙሉ አክብሮቴ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ጋሻ ይዞ ጉግስ የገጠመ አባት ፈሪ ተብሎ አያውቅም። ለጀርባ ጋሻ ከተፈቀደ ለራስ ቅል ምን ከለከለው?

የካሳው ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ሕጉ ዕዳውን በባለቤቱ ወይም በአባትየው ላይ ቢጥልም፣ ድሀ በድሀ ላይ ተፈርዶለት ምን ያገኛል? ሁለት በግ የሸጡት እናት ፍርድ ቤት ቢሄዱም ኖሮ የሚያገኙት ምናልባት ያንኑ ድንጉላ ነበር። ስለዚህ እንደ እኔ አሳብ መፍትሔው በእጃችን ያለው እድር ነው። ለመቅበር ያዋጣን ሕዝብ ለማሳከም ማዋጣት አያቅተንም። እያንዳንዱ ጋላቢ ሲመዘገብ፣ እያንዳንዱም የፈረስ ባለቤት ፈረሱን ሲያስመዘግብ ጥቂት ብር ያስቀምጥ፤ በሜዳው ዳር የሚሸጡም ነጋዴዎች ከገበያቸው ትንሽ ያዋጡ። ጉዳት የደረሰበት ሰው፣ ጋላቢም ይሁን ተመልካች፣ ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ ሳይጠየቅ በመጀመሪያ ከዚህ ገንዘብ ይታከም። ስለ ጥፋቱ የሚደረገው ክርክር ከዚያ በኋላ ሦስት እሑድም ይሁን ሠላሳ ይቆይ፤ አጥንቱ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ጉዳት ሳይደርስ ዓመቱ ቢያልፍ ገንዘቡ ለቀጣዩ ዓመት ይዛወራል፤ ወይም ሄልሜት ይገዛበታል።

ይህን ደንብ ማን ይጻፈው? ተማሪዎች ብቻችንን ብንጽፈው ሽማግሌዎቹ አይቀበሉትም፤ ወጉንም አናውቀውም። ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ቢነግሩን በቃል ቀርቶ ከእነርሱ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ በኅዳር ወር፣ ከፈረስ ባለቤቶች ሁለት፣ ጉግስ ከሚያውቁ አባቶች ሁለት፣ ከጤና ጣቢያ አንድ፣ ከመምህራን አንድ፣ ከእኛም ሁለት ሆነን ብንቀመጥ አንድ ገጽ ለመጻፍ ከአንድ ቅዳሜ በላይ አይፈጅም። የእኛ ሥራ አባቶች የሚሉትን በንጹሕ ጽሕፈት መገልበጥ፣ አባዝቶም ለየቀበሌው ማደል ነው። በጨዋታው ቀን ደንቡ በድምፅ ማጉያው ይነበብ፤ ያ ማጉያ ከመነሻው ርቆ ከተተከለ ማለቴ ነው። አንዱ ቅጂ ከአባቶች ፊርማ ጋር በሽማግሌዎቹ እጅ፣ አንዱ በትምህርት ቤት ይቀመጥ። ያን ጊዜ ደንቡ ተጥሷል አልተጣሰም የሚለውን ጥያቄ ዳኛም ሽማግሌም የሚመልስበት ነገር ያገኛል።

ረቂቁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጀምረናል፤ ገና የእርሳስ ጽሑፍ ነው። አባቴም በማታ በፋኖስ አስነብበውኝ ስለ ጠፍሩና ስለ ሜዳው ያለውን ወደውታል፤ ስለ ሄልሜቱ ጥቂት ሥቀው አልፈውታል። ያልተስማማነው በጉግስ ዕድሜ ነው። ለሰልፍና ለሶምሶማ ማንም ልጅ ከአዋቂ ጋር ሆኖ ይግባ ብለናል፤ ዘንግ ለሚወረወርበት ጉግስ ግን እኔ ከ16 ዓመት በታች አይግባ ብዬ ስጽፍ፣ እርሳቸው 14 ይበቃዋል ብለው ሰርዘውብኛል። ቦታው በረቂቁ ላይ አሁንም ባዶ ነው፤ የኅዳሩ ጉባኤ ይሙላው።